«አለሁ» ያሉት ማ ናቸው

ሀበሻ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ ይገርመኛል። «አለህ?» ይላል። እስቲ አስቡት። ደውሎልኝ፣ አንስቼለት፣ «ሄሎ» ብዬው፣ ድምፄን በጆሮው ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ መኖሬን የሚጠይቀኝ። እኔም አላፍርም፤ «አለሁ» እለዋለሁ። «አንተስ አለህ?» «አለሁ።» የሁለታችንም መኖር በዚህ ዓይነት ከተጣራ በኋላ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። ጉዳያችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም የለ።» «በል እሺ፣ መኖርህን ልወቅ ብዬ ነው።» ይዘጋል።

ቃሏ ግን ቀላል እንዳትመስላችሁ። የታመመ ሰው «እንዴት ነዎት?» ሲባል «አለሁ» ካለ፣ ደህና አይደለሁም፣ ግን አታልቅሱብኝ ማለቱ ነው። ጎረቤት «አይዞህ፣ አለሁ» ካለ፣ የቸገረህ ቀን በሬን አንኳኳ ማለቱ ነው። በየስብሰባው ሳይጠራ እየተነሳ «አለሁ አለሁ» የሚልም አለ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየማኅበሩ አንድ አይጠፋም። እኔ ይቺን ቃል ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ስበትናት ዋጋዋን አላውቅም ነበር። ያሳወቁኝ ሎረንስቪል የሚኖሩ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው።

ቻይናዊ አማርኛ ምን አገባው እንዳትሉኝ፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ደምሴ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ሊቶኒያ እኖራለሁ። አትላንታ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን የሰው መኪና ለሰው አልሰጠሁም፤ ይሄን የምናገረው ሌላ የምኮራበት ነገር ስለሌለኝ ነው። በኋላ ቲኬት የሚሰጥ፣ ምሳ የማይበላ ማሽን ተተከለና እኔ ተነቀልኩ። ባለቤቴ የሺ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። «ደሜ፣ ቤት ቁጭ ብለህ ቲቪ ከምታይ የተንከባካቢ ኮርሱን ውሰድና ሽማግሌ ኬር አድርግ» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ነው፣ ኤሲ አለው፣ የሚጮህብህ የለም።» ኮርሱን ወሰድኩ። መኪና መጠበቅ ትቼ ሰው መጠበቅ ጀመርኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

የቀጠረኝ ኤጀንሲ የመጀመሪያ ሥራዬ ብሎ ሎረንስቪል ላከኝ። ገና ቤቱ ደጅ ስደርስ የሺ ደወለች።

«አለህ?»

«አለሁ። ደርሻለሁ፣ ፓርክ እያደረግኩ ነው።»

«ማን ጋ ነው የመደቡህ?»

ወረቀቱን አየሁ። «ማ ጋ።»

«እኮ ማን ጋ?»

«ማ ጋ ነው የምልሽ።»

«ደምሴ፣ የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።»

«የሰውየው ስም ማ ነው።»

«እሱን ንገረኝ እኮ ነው የምልህ!»

ዘጋችብኝ። የቤተሰብ ስማቸው ማ ነው፤ ፕሮፌሰር ማ። ቻይና ውስጥ እንደኛ ከበደ በየመንደሩ የሚገኝ ስም ነው አሉ። እኛ ቤት ግን እስኪለመድ ድረስ ሦስት ጠብ አስነስቷል።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሊሊ ናት። ፋርማሲስት ናት፤ አባቷን ከቻይና ያመጣቻቸው እናቷ ሲሞቱ ነው። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ለሥራ እየተጣደፈች «ካንተ በፊት ሦስት ሰዎች መጥተው ሄደዋል» አለችኝ። «አባቴ አይቆጣም፣ አይሳደብም። ይጠይቃል ብቻ።» ይጠይቃል ስትለኝ ውሃ ስጠኝ፣ መስኮት ዝጋ የሚሉ መሰለኝ። ምን ችግር አለው ብዬ ገባሁ።

ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ክፍሉ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ነው። ካልሲያቸውን ይዤ ተንበረከክሁና፣ ሰላምታ መስጠት ደግ ነው ብዬ «ጉድ ሞርኒንግ ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ጥሩ ቀን ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ ስትል ምን ማለትህ ነው?» አሉኝ።

«ፀሐይ ወጥታለች።»

«ፀሐይ መውጣቷና የቀኑ ጥሩነት አንድ ነገር ነው? ዝናብ ለሚጠብቅ ገበሬስ?»

አሰብኩ። የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ልክድ አልቻልኩም። «ለሱ ጥሩ አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው ቀኑ ጥሩም ነው፣ ጥሩም አይደለም። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

ይሄ ሁሉ የተባለው ገና በአንደኛው ካልሲ ነው። ሁለተኛው ካልሲ እስኪጠለቅ ድረስ ቀን ራሱ መኖሩን እየተጠራጠርኩ ነበር። ከኔ በፊት የነበሩት ሦስቱ የሸሹት ለካ ይሄን ነው። እኔ ግን አልሸሸሁም። አሥራ አራት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ «ስንት ነው?» እና «መቼ ትዘጋላችሁ?» ብቻ ነበር። ሐሳቤን የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዘመኔ፤ ደስ አለኝ።

ታሪካቸውን ፂማቸውን ስላጭ ትንሽ በትንሽ ነገሩኝ። አባታቸው ጃንጥላ ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸው ልጅ ሆነው አንድ ጃንጥላ ያስጠገነ ሰው የሚከፍለው ቢያጣ የግሪክኛ ሰዋስው መጽሐፍ ጥሎ ሄደ። አባትየው መጽሐፉን ዕቃ ሊጠቀልሉበት ነበር፤ ልጅየው ሰረቁት። ይኸው ከዚያ በኋላ ተመልሰው ሰው አልሆኑም። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የምዕራባውያንን ፍልስፍና ተማሩ፣ አርባ ዓመት አስተማሩ፤ ግሪኩን በግሪክኛ፣ ጀርመኑን በጀርመንኛ። መሀል ላይ የተማረ ሁሉ ገጠር ይውረድ ተባለ። እኛ ዘመቻ እንደምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የኛዎቹ ሲዘምቱ ገበሬ ሊያስተምሩ ነው፣ እሳቸው አሳማ ሊያረቡ። መጽሐፍ መያዝ ክልክል ስለነበረ የግሪክኛ ግሦቻቸውን እንዳይረሱ ለአሳማዎቹ ያረቡላቸው ነበር። ግሥ ማርባትና አሳማ ማርባት በአማርኛ አንድ ቃል መሆኑን ስነግራቸው በጣም ሳቁ።

«አሳማዎቹ እንዴት ነበሩ?» ብላቸው፣ «መጥፎ ተማሪዎች» አሉኝ። «አንዳቸውም ጥያቄ አልነበራቸውም።»

የዕድሜ ልክ ሥራቸው ግን ማስተማሩ አይደለም። አንድ የጥንት ግሪክ ስለ መኖር የጻፈውን መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ መመለስ ነው። ሠላሳ ዓመት ደክመውበታል። አልቋል፤ አንዲት ቃል ብቻ ስትቀር። አንዲት ቃል ምን አላት እንዳትሉ፤ መጽሐፉ የተጻፈው ስለዚያች ቃል ነው። ግሪኮቹ «ነው»ንም «አለ»ንም የሚሉባት አንዲት ግሥ አለቻቸው። በቻይንኛ ደግሞ አንዱ ቃል «ነው» ይላል፣ አንዱ «አለው» ይላል፣ አንዱ «ይገኛል» ይላል፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚል የለም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ቃሏ በመጣችበት ቦታ ሁሉ ባዶ ትተው አልፈዋል። ወረቀቱን አሳይተውኛል፤ በየገጹ፣ በየመስመሩ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹን ሳይሞሉ መሞት አይፈልጉም፤ ይሄንን በግልጽ ነግረውኛል።

እንግዲህ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው መርሳት ጀምረው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሊሊ ያለ ምክንያት አልሰጋችም፤ ድስት ሁለት ጊዜ አሳርረዋል፣ መነጽራቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኝቷል። ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘችና ወሰድኳቸው። አንዲት ወጣት ነርስ የማስታወስ ፈተና ፈተነቻቸው። እኔ ጥግ ተቀምጬ አያለሁ።

የአንበሳ ሥዕል አሳየቻቸው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረቀት» አሉ።

«አይ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው?»

«ቀለም።»

«አሁን የት ነው ያለነው?»

«"የት" ስትይ ቦታ ማለትሽ ነው? ቦታ ምንድን ነው?»

«ዓመቱ ስንት ነው?»

«በማን አቆጣጠር?»

በዚህኛው ላይስ ልጅቷን ሳይሆን እሳቸውን ደገፍኩ። በማን አቆጣጠር ብሎ መጠየቅ እብደት ከሆነ እኛ አገር ጤነኛ የለም። ግን ማን ሰምቶኝ። ጭራሽ ወደቁ።

የዚያን ቀን ማታ ሊሊ ጋራዥ ውስጥ፣ አባቷ እንዳይሰሙ፣ እያለቀሰች ነገረችኝ። ብሩክሄቨን የሚባል፣ የሚረሱ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አግኝታለች። ንጹሕ ነው፣ የዓሣ ገንዳ አለው፣ በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የሚያውቁት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። የሚፈቀደው አንድ ክፍልና አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ገምጋሚ ቤት ድረስ መጥታ ትፈትናቸዋለች። ያንንም ከወደቁ ይሄዳሉ።

ፕሮፌሰሩ ሲነገራቸው «እሺ» አሉ። እኔና እሳቸው ብቻ ስንቀር ግን «መጽሐፎቹስ ይቅሩ» አሉኝ። «ቀዳዳዎቹ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። እዚያ ከገባሁ አይሞሉም።»

ከወደቁ ሥራዬንም አጣለሁ፤ እሱም ነበረበት። ግን ስለ ሥራዬ አልነበረም ያሰብኩት። ሽማግሌውን ወድጃቸው ነበር።

ስለዚህ ላስጠናቸው ወሰንኩ። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ፤ አዎ፣ ያደርጋል፣ ቀጥሎም ብሩክሄቨን ያስገባል። ሕግ አወጣሁ። «አንደኛ፣ ጥያቄን በጥያቄ አይመልሱ። ሁለተኛ፣ መልስዎ አጭር ይሁን።» ደብተራቸው ላይ ጻፉት። «ሦስተኛስ?» አሉኝ። «ይኸው ጠየቁ» አልኳቸው።

የአንበሳውን ሥዕል ከሊሊ ኮምፒውተር አወጣሁና ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት አሳያቸዋለሁ። «ምንድን ነው?» ያልባቸዋል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንበሳ» ይላሉ። በሐሰት የመሰከረ ሰው ያህል ያፍራሉ። «ዋሸሁ» ይሉኛል። «ይለመዳል» እላቸዋለሁ።

ቀንና ወር ግን የምራቸውን ነው የሚረሱት። ለዚህ መላ ብዬ ከሀበሻ ሥጋ ቤት በነፃ የሚሰጠውን ትልቁን የግድግዳ ካላንደር አምጥቼ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቀልኩላቸው። ላይኛው ግማሹ የተሰቀለ ሥጋ ፎቶ ነው፤ ታችኛው ግማሹ ቀን። እንደምታውቁት በኛ ካላንደር ላይ ትልቁ ቁጥር የኛ ነው፣ ጥግ ላይ የተደበቀችው ትንሿ የፈረንጅ ናት። «ትንሿን ነው የሚያነቡት» አልኳቸው።

«ትልቁስ?» አሉኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እሱ የኛ አቆጣጠር ነው። በኛ አሁን ሁለት ሺህ ስድስት ነው» አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ፈረንጁ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ሲል እኛ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ወሩም አሥራ ሦስት መሆኑን፣ ቀኑም ከጠዋት እንደሚጀምር፣ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት እንደሚለይ አስረዳኋቸው። «እና ከሁለቱ እውነተኛው የቱ ነው?» ሲሉኝ፣ ምን ይሁን፣ ደረቴን ነፍቼ «የኛ ነዋ» አልኳቸው። ይቺን ደረት መንፋት ልብ በሉልኝ።

በመሀሉ ስልኬ ይጮሃል። የሺ ናት፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ «ስልክ ባነሳህ ቁጥር የምትላት ቃል ምንድን ናት?» አሉኝ። «አለሁ» አልኳቸው። «መኖሬን ሲጠይቁኝ ነው።»

«ሰዎች ደውለው መኖርህን ይጠይቁሃል?»

«በቀን ሦስት አራት ጊዜ።»

ከትራሳቸው ቀና አሉ። አርባ ዓመት ያስተማሩትን ጥያቄ እኛ በየቀኑ በነፃ ደቂቃ የምንጠያየቅ መሆናችንን ማመን አቃታቸው። እኔም ሞቅ አለኝና ዘረዘርኩላቸው። «ነው» ሌላ ነው፣ «አለ» ሌላ ነው። «አለ» ደግሞ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው፣ ላልቶ ሲነበብ መናገር ነው፤ ሲጻፍ ግን አንድ ነው። «ሰው አለ» ብዬ ብጽፍ ሰው መኖሩን ይሁን ሰው መናገሩን በዓይን አይለዩትም።

«ስለዚህ» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «በናንተ ጽሕፈት የሚናገርና የሚኖር አንድ ነው።»

እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪያችን ስለዚህ ጉዳይ የገረፉን በስህተት አንብባችኋል ብለው ነበር እንጂ ፍልስፍና ነው አላሉንም። ፕሮፌሰሩ ፊደሏን አስጽፈኝ አሉኝ። በብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ «አ»ን፣ «ለ»ን፣ «ሁ»ን እስኪለምዱ ድረስ ጻፉ። የ«አ»ን እግር ከኔ ይልቅ ያሳምሩታል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስገባ ከበር ሆኜ «ፕሮፌሰር፣ አሉ?» እላለሁ። «አለሁ» ይላሉ ከውስጥ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዓርብ ነው፤ በነሱ ማርች ሃያ አንድ። ገምጋሚዋ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ሽማግሌ ሁሉ ደንቆሮ የሚመስላት ዓይነት፣ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። ሊሊ ፈቃድ ወስዳ በር ላይ ቆማለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በልቤ እየጸለይኩ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንበሳ።» አላላባቸውም።

«የት ነው ያለነው?»

«ሎረንስቪል፣ ጆርጂያ።»

ሊሊ አየችኝ። ደረቴ ሰፋ። ሰተት ብለው እየሄዱ ነው። ሦስት ቃል ይያዙ አለቻቸው፣ ያዙ። ከመቶ ወደ ኋላ ይቁጠሩ አለቻቸው፣ ቆጠሩ።

«ዓመቱ ስንት ነው?»

አፋቸው ሲከፈት አየሁ። «በማን» ሊሉ ነው፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ቶሎ ግንባሬን ቋጠርኩባቸው። ሕጉን አስታወሱና ዋጡት። መጠየቅ ክልክል ነው፣ መልሱ አጭር መሆን አለበት፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እውነተኛው የቱ እንደሆነ ደግሞ መምህራቸው ደረቱን ነፍቶ ነግሯቸዋል።

«ሁለት ሺህ ስድስት» አሉ።

የሴትዮዋ እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰች።

«ወሩስ?»

«መጋቢት።»

«ምን አሉ?»

«መጋቢት። አሥራ ሁለት።»

ቀኑን አልሳቱም። ወሩንም አልሳቱም። ማናችሁም ብትሆኑ ሙሉ ነጥብ ትሰጧቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሽማግሌው ስምንት ዓመት እንደጠፋባቸው፣ የወር ስምም ከራሳቸው እየፈጠሩ እንደሆነ ነው የገባት። ሊሊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ጣልቃ ገባሁ።

«ትክክል ናቸው» አልኩ። «ሁለት ሺህ ስድስት ነው።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ዞረች። «አንተ ማን ነህ?»

«ኬርጊቨራቸው ነኝ።»

«አንተም ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ነው ትላለህ?»

«እዚያ ተጽፏል» ብዬ ግድግዳው ላይ ጠቆምኩ። ዞር ብላ አየች። ያየችው የተሰቀለ ሥጋ ነው፤ ከሥሩ የማታውቀው ጽሑፍ። መልሳ እኔን አየችኝ። ድምፅዋ ተለሳለሰ፤ ለታማሚ የሚለሰልሰው ዓይነት ነው።

«ሰዓቱስ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

እኔ ስደነግጥ እንግሊዝኛዬ ቀድማኝ ትሸሻለች፤ የምቀረው ከአማርኛዬ ጋር ነው። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «አራት ሰዓት አልፏል» አልኳት። «ለአምስት አሥር ጉዳይ ነው።» በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣችና አንድ ነገር ጻፈችበት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው።

የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ባዶ ወረቀት ሰጠቻቸው። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ። የፈለጉትን፣ በፈለጉት ቋንቋ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን ብቻ።»

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶውን አነሱ። ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው ብለው እንዳይጠይቁ ሰጋሁ። አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ ሦስት ፊደል ጻፉና ሰጧት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አዟዟረችው። «ቻይንኛ ነው?» አለች ወደ ሊሊ። ሊሊ አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«አማርኛ ነው» አልኩ ከግድግዳው። መናገር አልነበረብኝም፣ ግን ሌላ የሚያነብላት የለም። «"አለሁ" ይላል።»

«አንድ ቃል ነው። ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ግሥ ያስፈልገዋል።»

ይሄን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪዬ ዱላ ትዝ አለኝ፤ ለዚች ቀን ኖሯል የተገረፍኩት። «እመቤት፣ ባለቤቱ ውስጡ ነው» አልኳት። «መጨረሻ ላይ ያለችው "ሁ" እሳቸው ናቸው። ከፊቷ ያለው «አለ» ግሡ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። እናንተ ሁለት ቃል የምታወጡበትን እኛ በአንድ እንጨርሳለን።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገችና ፕሮፌሰሩን አየቻቸው። «ምን ማለት ፈልገው ነው የጻፉት?»

መቼም እንደዚህ ያለ ጥያቄ በሕይወታቸው ሲጠብቁ ኖረው ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሊያወሩባት ይችሉ ነበር። እኔን አዩኝ፤ ሁለተኛውን ሕግ አሰቡ።

«እዚህ ነኝ ማለት ነው» አሉ። «አልሄድኩም።»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፖስታ ይመጣል ብላ ሄደች።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት አላልፍ አሉ። ሊሊ ካርቶን ገዝታ ኮሪደሩ ላይ ቆለለች። ፕሮፌሰሩ ለአንዱ መደርደሪያ የሚሆኑትን መጽሐፎች መምረጥ ጀመሩ፤ አንዱን ያስገባሉ፣ ሌላውን ያወጣሉ፣ ያወጡትን መልሰው ያስገባሉ። ስለ ካላንደሩ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው። ሣር እያጨድኩ ስልኬን ኩሽና ትቼዋለሁ። የሺ አነሳችው፤ መነጽሯን ስላላደረገች የደዋዩን ስም አላየችም። በመስኮቱ ይሰማኛል።

«ሄሎ? ማ ልበል?»

አዳመጠች። «እኮ ማ ልበል?» እንደገና አዳመጠች። ሦስተኛ ልትጠይቅ ስትል የደዋዩ ስም ራሱ ማ መሆኑ ትዝ አላትና፣ እየሮጠች ወጥታ ስልኩን ሰጠችኝ።

«አለህ?» አሉኝ። በአማርኛ፣ በቻይና ዜማ።

ደብዳቤው እንደመጣ ገባኝ። ማሽኑን አጠፋሁ። ሰዎች ሆይ፣ ዕድሜ ልኬን ሳላስብ የመለስኩት ጥያቄ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ዘለልኩት። የኔ መኖር ምን ያደርጋል፣ ጉዳዩ የሳቸው መኖር ነው። «ደብዳቤው መጣ? ሊሊ ምን አለች? መቼ ነው የሚሄዱት?» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

«ሚስተር ደምሴ፣ ጥያቄን በጥያቄ አትመልስ።»

«አለሁ» አልኩ።

«እኔም አለሁ» አሉ። «እዚሁ።»

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቆይታ ሊሊ ስልኩን ተቀብላ ደብዳቤውን አነበበችልኝ፤ ያለፉት በአንዲት ነጥብ ነው። የዓረፍተ ነገሯ ነጥብ ናት። አለቀስኩ፤ የሺ ምን ሆነህ ነው ብላ እጄን ያዘችኝ፣ እሷም ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

ካርቶኖቹ ተመልሰዋል። ፕሮፌሰሩ ቀዳዳዎቹን መሙላት ጀምረዋል፤ ሰኞ የሞሉትን ማክሰኞ ይፍቁታል፣ በጣም ደስተኛ ናቸው። ካላንደሩ አሁንም እዚያው ነው፤ ሊሊ ሥጋውን ብቻ በወረቀት ሸፍናዋለች።

ደብዳቤው ግን ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ሊሊ ያን ቀን አዝናልኝ ሳታነበው ቀርታ ነው። ታማሚው ቤታቸው መቆየት ይችላሉ ይላል፤ ነገር ግን ተንከባካቢው ዓመቱንና ሰዓቱን በተመለከተ ከፍተኛ መምታታት ስለታየበት በአስቸኳይ ቢመረመር መልካም ነው ይላል። ኤጀንሲው ቀጠሮ ያዘልኝ። ሳላልፍ ሥራ መቀጠል አልችልም።

የሺ ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ ደነገጠች። «እና ማ ሊያስጠናህ ነው?» አለችኝ።

«ማ ናቸዋ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም አልተጣላንም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ካልሲያቸውን ካጠለቅኩ በኋላ ቦታ እንለዋወጣለን። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ። ደብተራቸውን ከፍተው ሁለቱን ሕጎች ያነቡልኛል። ከዚያ ያቺን የአንበሳ ሥዕል ከፊቴ ያቆማሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

ቀላል ነው፤ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ያስጠናኋቸው። አየዋለሁ። ትንሽ አስባለሁ።

«ወረቀት» እላለሁ።